ስዊቱን የወሰደው ሰው

ግሌን ሀርቲ ሆቴል ሲገባ ያየ ሰው፣ አገር ሊረከብ የመጣ ባለሥልጣን ነው የሚመስለው። ሻንጣውን ከጎኑ ያቆማል፣ የኮቱን ጫፍ ጎተት ያደርጋል፣ ከዚያ ጥቁሯን የአባልነት ካርድ በሁለት ጣቱ ይዞ ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ ያሳርፋታል። ካርዷ እኮ አታስፈልግም፤ ስሙን ሲናገር ሁሉም ነገር ኮምፒውተሩ ላይ ይወጣል። ግን ደስ ይለዋል፣ ምን ይደረግ።

ሥራው ለማዕድን ማውጫዎች ትልልቅ የውሃ ፓምፕ መሸጥ ነው። ከብሪዝበን ወደ ማካይ፣ ከማካይ ወደ ፐርዝ፣ ከፐርዝ ቀይ አቧራ እንጂ ሌላ ወደማይታይበት ወደ ፒልባራ ሲመላለስ ጎልማሳነቱ አለቀ። ሚስቱም አንድ ቀን «አንተ እኮ እዚህ ቤት እንግዳ ነህ፤ ልዩነቱ እኔ እንደ ሆቴሎቹ ላደርክበት ሌሊት ነጥብ አለመስጠቴ ብቻ ነው» ብላው ሄደች። ቀልድ መስሎት ስቆ ነበር። ያንን ሁሉ ዓመት በሰው አልጋ ላይ ሲያድር በከንቱ እንዳልነበረ የሚመሰክርለት አንድ ነገር ቀርቶታል፤ እሱም ሆቴሎቹ ብዙ ሌሊት ላደረ እንግዳ የሚሰጡት የፕላቲነም ደረጃው ነው። ቁርስ በነጻ፣ ለተራ እንግዳ በማይከፈተው ላውንጅ መቀመጥ፣ እስከ ከሰዓት በኋላ ክፍል ይዞ መቆየት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሲደርስ ያልተሸጠ የተሻለ ክፍል ካለ በያዘው ዋጋ ወደዚያ መዛወር። ይህችን የመጨረሻዋን ደንብ ሌላ ሰው አባታችን ሆይን እንደሚያውቀው ነው የሚያውቃት።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ተበላሸ። ኩባንያው ጉዞ ቀነሰ፣ ስብሰባው ሁሉ በስክሪን ሆነ፤ ግሌንም ቤቱ ቁጭ ብሎ ፓምፕ በቪዲዮ የሚያሳይ ሰው ሆነ። ዓመቱ ሲያልቅ ደረጃው ይወርዳል። እንደማንኛውም ሰው ተሰልፎ፣ የተሰጠውን ክፍል ተቀብሎ፣ አመሰግናለሁ ብሎ ሊሄድ ነው። ለእህቱ ልጅ ለታምሲን ሠርግ ወደ ታውንስቪል ሲበር፣ ያችን ካርድ ይዞ የሚገባበት የመጨረሻው ሆቴል ይኸው ሊሆን እንደሚችል ያውቅ ነበር። ለዚህ ነው እንደዚያ የሆነው። ምክንያት እንጂ ማመካኛ አይሆንለትም።

ሠርጉ እዚያው ሆቴሉ መስክ ላይ፣ ባሕሩ ዳር ነበር። እህቱ ሊኔት ለቤተሰቡ ተራ ተራውን ክፍል ስትይዝ «ላንተም ልያዝልህ?» ብላው ነበር። «ተይው፣ እኔ በካርዴ እይዛለሁ» አላት። «ካርድህ ይድላው!» ብላ ስልኩን ዘጋችበት። ስለዚህ ሆቴሉ ግሌን የሠርጉ ሰው መሆኑን በምን ይወቅ? ሊኔት በባሏ ስም ነው የምትጠራው፤ እሱ ደግሞ ለብቻው የመጣ አንድ ባለ ጥቁር ካርድ ነው።

በሠርጉ ዋዜማ አመሻሹ ላይ ደረሰ። እንግዳ መቀበያው ላይ ደረቷ ላይ «ሱጃታ» የሚል ስም የለጠፈች፣ ለትምህርት ከኔፓል የመጣች ወጣት ቆማለች።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ሚስተር ሀርቲ። ባሕሩን የሚያሳይ ጥሩ ክፍል አዘጋጅተንልዎታል።»

«ስዊቱስ? ትልቁ ባለ ሳሎን ክፍል?»

«ስዊቱ…» ልጅቷ ስክሪኑን አየት አደረገች። «አልተሸጠም፤ ግን ይዘነዋል። ቃል የገባንላቸው ሰዎች አሉ፣ ነገ ጠዋት…»

«ከፍለውበታል?»

«አልከፈሉም፤ እንዲያው ለመተባበር ነው። ነገሩ ምን መሰለዎት፣ ሴትየዋ ልጃቸውን…»

«ሱጃታ» አላት፣ ስሟን ከደረቷ ላይ አንብቦ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ ይህ ራሱ የሚኮራበት ነገር ነው። «አልተሸጠም ካልሽ የኔ ነው። ደንቡን የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ፣ እኔ አይደለሁም። ኃላፊሽን እንጥራ ወይስ ራስሽ ትጨርሽዋለሽ?»

ልጅቷ ወደ ስክሪኑ ዞረች። ከዚያ መተየብ ጀመረች። «መልካም ቆይታ ይሁንልዎ» ብላ የክፍሉን መክፈቻ ካርድ ስትሰጠው ዓይኑን አላየችውም። ግሌን ይህንን ሁሉ ልብ ብሏል፤ ዓይን ስትሸሸው ማሸነፉን ነው ያወቀው።

ስዊቱ እውነትም ስዊት ነበር። ሰፊ ሳሎን፣ ማግኔቲክ ደሴትን ፊት ለፊት የሚያሳይ በረንዳ፣ ግድግዳው ሙሉ መስታወት የሆነ የመልበሻ ክፍል፣ እዚያም ውስጥ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ባለ ድጋፍ ወንበር። ግሌን መልበሻው ክፍል ውስጥ አንዲት ሸሚዝ ሰቀለ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ተነሣ። ትራሱ ላይ የተቀመጠችለትን ቸኮላት በላ። ፎቶ አንሥቶ ለሥራ ባልደረቦቹ ላከ፤ አንዱ አውራ ጣት ላከለት። ከዚያ በኋላ እዚያ ሁሉ ክፍል ውስጥ የሚሠራው ምንም ነገር አልነበረውም።

በማግስቱ ጠዋት ተላጭቶ፣ ለብሶ፣ ቤተሰቡን ሰላም ሊል ወደ ታችኛው ፎቅ ወረደ። ሊፍቱ ሲከፈት ከኮሪደሩ ጫፍ የፀጉር ማድረቂያ ጩኸትና የሴቶች ሳቅ ይሰማል። ከበሩ ውጭ ደግሞ እናቱ ኤድና ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ባለ ጎማው መደገፊያዋ ከፊቷ ቆሟል። ሐምራዊ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ኮፍያዋን ደፍታለች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ሐኪም ቤት ተራ የምትጠብቅ መስላለች።

«እማዬ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«መጣህ? ና ሳመኝ። ተራዬን ነው የምጠብቀው።»

«የምን ተራ?»

«አዝራሮቹን ነዋ። የታምሲንን የሙሽራ ልብስ ሰፍቼ ለኔ የተረፈኝ መቆለፉ ነው። እጄ ቢንቀጠቀጥም አዝራር አያቅተኝም። የሊኔትንም ስታገባ እኔ ነኝ የቆለፍኩላት። ውስጥ ቦታ የለም፤ ይሄ ጋሪዬ ከገባ አንዷ ሚዜ መውጣት አለባት። ሲደርስ ይጠሩኛል።»

ይህን ስትል በሩ ተከፈተና ሊኔት ፀጉሯ ላይ የተጠቀለለው ሁሉ እንደተጠቀለለ ብቅ አለች።

«አንተ! ገና አሁን ነው የምትመጣው? ግባ እንዳልልህ መግቢያ የለም። አየህ ያደረጉንን? ስዊቱን ለጠዋት እንለቅላችኋለን ብለውን ነበር፤ ለታምሲን መልበሻ፣ ለእማዬ መቀመጫ። ትናንት ማታ አንዱ ጉረኛ መጥቶ ነጥቆን ሄደ!»

«ማን?» አለ ግሌን። ማን እንደሆነ ግን ከመጠየቁ በፊት አውቆታል።

«እኔ ምን አውቄ! ባለ ካርድ ነው አሉ። ትልቅ ሰው። ስሙን አይነግሩም። ያቺን መቀበያው ላይ የምትቆመውን ልጅ ግን ልክ ልኳን ነገርኳት። ‹ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ› ትላለች። የፈረደባት አለቀሰች መሰለኝ። ደግ አደረግሁ!»

«እኔ ነኝ» ለማለት ስንት ጊዜ ይፈጃል? አፉ ውስጥ ነበር። ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። እናቱ ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ቀና ብላ ታየዋለች፣ እህቱ ወገቧን ይዛ ቆማለች፣ የስዊቱ ካርድ ደግሞ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው።

«ምን ዓይነት ሰው ነው!» አለ ግሌን።

ይኸው ነው ያለው። ከራሱ አፍ ሲወጣ ሰማው። ጆሮው ድረስ ቀላ። ሊኔት ግን ሲናደድላት ደስ አላትና ትከሻውን መታ መታ አድርጋ ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ሰው በዚህ ጊዜ ምን ማድረግ እንዳለበት ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ሁሉንም ሰብስቦ ወደ ላይ መውጣት ነው፤ ስድብ ካለ ስድቡን መቀበል ነው። የግሌን ጭንቅላት ግን የሚሠራው ሌላ ሥራ ነበር። ከቁርስ በኋላ መቀበያው ጋ ወረድ ብሎ፣ ከኃላፊው ጋር ተነጋግሮ፣ «ተሟግቼ አስለቀቅኩላችሁ» ብሎ ቢመጣስ? ስሙም ይድናል፣ እነሱም ይደሰታሉ። ትንሽ ጊዜ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። እናቱን ደግሞ እዚህ ኮሪደር ላይ ትቷት መሄድ አልቻለም፤ እያያት መቆምም አልቻለም።

«ነይ እስኪ ቁርስ ላብላሽ» አላት። «ላይ ላውንጅ አለ። እንግዳ ይዤ መግባት እችላለሁ።»

«ቢጠሩኝስ?»

«ገና ፀጉር ላይ ናቸው። ሴቶች እንደሆኑ ታውቂያቸዋለሽ። ደርሰን እንመለሳለን።»

ኤድና ወደ በሩ አየች፤ ወደ ልጇ አየች። ልጇ አብሯት ቁርስ ከበላ ረጅም ጊዜ ሆኖታል። ተነሣች።

ላውንጁ ውስጥ ፀጥታ ነው። ባሕሩ ከመስታወቱ ባሻገር ተዘርግቷል፣ ጋዜጣ ላይ ያቀረቀሩ ባለ ካርዶች በየጥጋቸው ተቀምጠዋል። ግሌን ለእናቱ ቬጂማይት የሚሉት ጨዋማ ቅባት የተቀባ ጥብስ ዳቦ፣ እንቁላል፣ የተቆረጠ ማንጎ አመጣላት። ሻይዋን ራሱ ቀዳላት። እናቱ ዙሪያውን እያየች ፈገግ አለች።

«እንግዲህ አንተ የምትውለው እንዲህ ያለ ቦታ ነው?»

«አዎ።»

«ያምራል። ያኔ በልደቴ ስትቀር ‹የት ይሆን አሁን?› እያልኩ አስብ ነበር። ቢያንስ ጥሩ ቦታ ነበርክ።»

ግሌን ሻይ ጨመረላት። ለኃላፊው የሚለውን በልቡ እያዘጋጀ ነበር። ‹ቤተሰቤ መሆናቸውን አላወቅኩም ነበር› ይላል። እውነት ነው ደግሞ። ‹በኔ በኩል ችግር የለም፣ ግን እኔ መሆኔን ባትነግሯቸው› ይላል። ይህችኛዋ እንዴት ብትባል እንደሚሻል እያሰላሰለ ሳለ፣ አስተናጋጁ ቡና ይዞ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኖ መጣ።

«እንደምን አደሩ፣ ሚስተር ሀርቲ! ስዊቱ እንዴት ነው? መልበሻ ክፍሉ ለብቻው ያንድ ሰው ቤት ያህላል፣ አይደል?»

ኤድና ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ስንት አላችሁ እንደዚያ ያለ ክፍል?» ብላ ጠየቀችው፣ በጣም በትሕትና።

«አንድ ብቻ፣ እመቤቴ! እሱም የልጅዎ ነው» አለ ሰውዬው። ደስ ሊያሰኛት ነበር።

አስተናጋጁ ሲሄድ ግሌን እናቱን ማየት አቃተው። የማንጎውን ሳህን አየ። ዕድሜውን ሙሉ ስንት ሰው ፊት ቆሞ ሲሸጥ፣ ሲከራከር፣ ሲረታ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

«እማዬ፣ እኔ እኮ አላወቅኩም። ለናንተ መሆኑን…»

«ልጅቷ አልነገረችህም?»

ውሸት አጠገቡ ነበር። እጁን ቢዘረጋ ያገኘዋል። እናቱ ግን እያየችው ነው።

«ልትነግረኝ ነበር» አለ።

ኤድና ናፕኪኗን አጥፋ ከሳህኑ ጎን አኖረች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ምን ያህል በቀለለው።

«አውርደኝ» አለችው።

ሊፍቱ ዘገየ። መደገፊያዋን እየገፋች ኮሪደሩን ስታቋርጥ ሊረዳት እጁን ዘረጋ፤ እሷ አላየችውም፣ ወይም አላየሁም አለች። በሩ አሁን ወለል ብሎ ተከፍቷል። የፀጉር ማድረቂያው ዝም ብሏል። ታምሲን መሐል ላይ ነጭ በነጭ ሆና ቆማለች፣ ፎቶ አንሺዋ ተንበርክካለች፣ በሙሽራዪቱ ጀርባ ላይ ከአንገቷ እስከ ወገቧ የወረዱት ጨርቅ የለበሱ ትንንሽ አዝራሮች ሁሉም ተቆልፈዋል።

«እማዬ፣ የት ጠፍተሽ ነው?» አለች ሊኔት፣ እንባ እየተናነቃት። «ኮሪደሩን ስንዞር! ልጄ ‹አያቴ ካልመጣች› ብላ ቆማ ቀረች እኮ። ፎቶ አንሺዋ ብርሃኑ እየሄደ ነው አለች፤ ምን እናድርግ፣ ሚዜዎቹ ቆለፉላት።»

ግሌን አፉን ከፈተ። እናቱ ቀደመችው።

«ራበኝ» አለች ኤድና። «እኔ ነኝ ቁርስ አብላኝ ያልኩት።»

«ዛሬ? ዛሬ ነው የሚርብሽ?»

«አርጅቻለሁ እኮ፣ ሊኔት። ይርበኛል።»

ሊኔት ራሷን ነቀነቀች። ሚዜዎቹ ወደ ግድግዳው ተጠግተው ለመደገፊያው መንገድ ለቀቁ። ኤድና ገብታ የሰፋችውን ልብስ ከኋላ አየች፤ በጣቷ ጫፍ አንዱን አዝራር ነካ አድርጋ፣ የተቆለፈ መሆኑን አረጋግጣ ለቀቀችው። «ጎበዞች ናችሁ፣ አልተጣመመም» አለቻቸው። ግሌን ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። የሰው ጥፋት ተሸክማ የምትሰደብ ሴት እያየ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እያወቀ፣ ቆሞ ቀረ።

ሥነ ሥርዓቱ አማረ። ነፋሱ ለስለስ ያለ ነበር፣ ወፎቹ ዛፉ ላይ የቄሱን ድምፅ እስኪውጡ ተንጫጩ፣ ሙሽራው መሐላውን ተሳስቶ ሁሉን አሳቀ። ግሌን ግን ያየው የሙሽራዪቱን ጀርባ ብቻ ነው።

ለምሳ መስኩ ላይ በተዘረጉት ጠረጴዛዎች ዙሪያ ተቀመጡ። ሽሪምፕ በበረዶ፣ የተጠበሰ ባራሙንዲ ዓሣ፣ ቀዝቃዛ ቢራ ነበር። የሊኔት ባል መርቭ ከወዲያ ማዶ ሆኖ ግሌንን መጎንተል ጀመረ።

«እስቲ ያቺን ካርድህን መዘዝ አድርጋትና ሌላ ሽሪምፕ አስመጣልን! ወይስ ለሽሪምፕ ደረጃህ አይበቃም?»

ሰዎቹ ሳቁ። ግሌንም ፊቱን ሳቅ አስመሰለው። ሊኔት ብርጭቆዋን በሹካ አንኳኳችና ቆመች። የተጋበዙትን አመሰገነች፣ እናቷን አመሰገነች፣ አማቾቿን አሞገሰች። ከዚያ «የመጨረሻው ብርጭቆ» አለች፣ «እናቴን ኮሪደር ላይ ላስቀመጣት፣ ስዊቱን ለወሰደው ጌታ ይሁንልን። የትም ይሁን የት፣ አልጋው ይጎርብጠው!»

«ይጎርብጠው!» አሉ ሁሉም፣ ጠረጴዛውን እየደበደቡ።

ግሌን ተነሣ። እውነቱን ሊናገር ነው የተነሣው፤ ይህችን እንኳ አንንፈገው። ጠረጴዛው ሁሉ ወደሱ ዞረ። እናቱ ቀና ብላ አየችው፣ ፊቷም ላይ አንድ ነገር ተከፈተ፤ ስትጠብቀው የቆየችው ነገር ሲመጣ ያየች መሰለች።

«ስለ ስዊቱ…» ብሎ ጀመረ። ያ ሁሉ ፊት። ታምሲን ከነአበባዋ። መርቭ ብርጭቆውን እንዳነሣ። ወደ መስኩ በሚያወጣው የሆቴሉ በር ላይ ደግሞ ለሙሽሮቹ የመጣ የስጦታ ሳጥን ያቀፈች ልጅ ቆማለች፤ ሱጃታ ናት። እጁ ደረት ኪሱ ውስጥ ገብቶ የስዊቱን መክፈቻ ካርድ ነካ። «ስለ ስዊቱ… ዛሬ ከአስተዳደሩ ጋር ተነጋግሬ ነበር። ሰውዬው ለቋል። ዛሬ ማታ የሙሽሮቹ ነው።»

ካርዱን አውጥቶ ለታምሲን ዘረጋላት።

መስኩ በጩኸት ተናጋ። ታምሲን ዘላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «አጎቴ! አጎቴ!» አለችው፣ ፊቷን ኮቱ ውስጥ ቀብራ። መርቭ ወንበሩ ላይ ወጥቶ «ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ ካርድ ሳሾፍ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ! ዋጋ አለው ለካ!» አለ። የማያውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ መጥተው እጁን ጨበጡት። ግሌን የሁሉንም እጅ ጨበጠ። «ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም» ይላል። ሱጃታ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አኑራ፣ ዓይኗን ወደ ሣሩ ጥላ፣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ጭብጨባው ሲበርድ ዞሮ እናቱን አየ። ኤድናም ታጨበጭባለች። እነዚያን የሚንቀጠቀጡ እጆቿን ከሰው እኩል አንሥታ፣ ቀስ እያለች ታጨበጭባለች። የተከፈተው ነገር ግን ከፊቷ ላይ ተዘግቷል። ግሌን ያችን ሰዓት ቢሰድቡት፣ ቢራ ፊቱ ላይ ቢደፉበት፣ ከመስኩ ቢያባርሩት ይመርጥ ነበር። ማንም አልሰደበውም። ተመሰገነ።

ሊኔት እንባዋን እየጠረገች መጥታ በአንድ እጇ እሱን፣ በሌላው እናቷን አቀፈች።

«እማዬ፣ ልጅሽን አየሽው?» አለች። «አየሽ ያደረገልንን?»

«አየሁት» አለች ኤድና። እጇን አንሥታ የግሌንን የኮት ኮሌታ አስተካከለችለት፤ ትንሽ ልጅ ሳለ ታደርግለት እንደነበረው ሳይሆን፣ ሰው ፊት የሚቆም ዕቃ እንደሚስተካከል። «የኔ ልጅ ነው። የት እጥለዋለሁ።»